ሀረጎን የምትወጣ ሞተር

ሞተሯ ለድንኳኑ ቦታ ከለከለች ተብሎ ሀፊዝና ሁለት ጎረቤቶች ከበሩ ሥር ወደ ማድቤቱ ግድግዳ ሲገፏት፣ ዐሊማ ከሴቶቹ ክፍል በመስኮት ታያቸዋለች። መሪዋን የያዘው ወንድሟ ሀፊዝ ነበር። ከግድግዳው ካስጠጓት በኋላ ጎረቤቶቹ ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ፤ ጎንበስ አለና ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ሞከረ። አባታቸው ጋሽ በሺር ከተቀበሩ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነው።

«ያቺ ናት አሉ» አለች ከዐሊማ ኋላ ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የቷ?»

«የትንሿ ልጅ ሞተር። እሷን ሲያፈላልጉ ከሱቅ ሱቅ ሲንከራተቱ አይደል እንዴ ልባቸው የደከመው።»

ዐሊማ ዞር ብላ ይህ ሐሰት ነው ማለት ነበረባት። የአባቷ ልብ ከደከመ ዓመታት አልፎታል፤ መድኃኒቱን በየጠዋቱ ቆጥራ የምትሰጣቸው እሷ ነበረች። ግን አልዞረችም። ወሬው ሲቀጥል ጀርባዋን እንደሰጠች አዳመጠች።

ትንሽ ቆይቶ እህቷ ሀስና ፔርሙዝና ስኒ ይዛ ገባች። ሴቶቹ እየተቀባበሉ አቀፏት። አንዷ አንገቷን ይዛ አባትሽ የሚያይበት ዓይኑ ነበርሽ ብላ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዐሊማን ግን ከትናንት ጀምሮ የሚሏት ሌላ ነበር። አብሽሪ፣ አይዞሽ ይሏታል፣ ትልቋ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ከደከምሽ ቤቱ ይፈታል። እንባው ሁሉ ለሀስና፣ ብርታቱ ሁሉ ለእሷ የተከፋፈለ መሰላት። ስኒዎቹን ከሀስና እጅ ተቀብላ መቅዳት ጀመረች።

ጋሽ በሺር ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ነበሩ፤ መጀመሪያ በአሰብ መንገድ፣ ኋላ በጅቡቲ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሀረጎን ጠመዝማዛ እያንዳንዱን ኩርባ እንደ ልጆቻቸው በስም የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። ጭጋጉ የትኛው ላይ እንደሚተኛ፣ የትኛው ላይ ከባድ መኪና ፍሬን እንደሚያቅተው ያውቁ ነበር። በቤት ውስጥ ግን ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ዐሊማ በልጅነቷ አባቷ ከመንገድ ሲመለሱ ትጠብቅ የነበረው ወሬያቸውን ነበር። እሳቸው ግን እግራቸውን ታጥበው፣ ሰግደው፣ ይተኛሉ።

ሃያ ዓመቷ ላይ ከኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የጸሐፊነት ሥራ አግኝታ ነበር። ደብዳቤው ማኅተም ነበረው። ጠዋት በሠራተኞች አውቶቡስ ወርዳ ማታ ለመመለስ ነበር ሐሳቧ። አባቷ ደብዳቤውን አነበቡት፣ አጣጠፉት፣ ሰጧት። «ሀረጎን ሴት ልጅ በየቀኑ አትመላለስበትም» አሉና ሻያቸውን ጨርሰው ጭነታቸውን ይዘው ወጡ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ዐሊማ አገባች፣ ፈታች፣ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሸዋ በር አጠገብ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፈተች። እናቷ ሲታመሙ አስታመመች፤ ከእናቷም በኋላ አባቷን ያዘች። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ኮምቦልቻ የወረደችው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው።

ሀስና ከእሷ አሥራ ሦስት ዓመት ታንሳለች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሥራዋ አንድ ተኩል ይጀምራል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባስ ተራ ትሰለፋለች፤ አንዳንድ ቀን ሚኒባሱ አይመጣም፣ አንዳንድ ቀን መጥቶ በግፊያ ይሞላል። አርፍዳ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት ቀን እያለቀሰች ቤት ገባች። ጋሽ በሺር ሶላታቸውን ጨርሰው ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰምተው ሰምተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሞተር ብንገዛስ?» አሉ።

ዐሊማ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ትሪው ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አምስት እሑዶች ለዐሊማ የማይረሱ ናቸው። አባትና ልጅ ጠዋት ይወጣሉ፤ ሱቅ ለሱቅ፣ ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞሩ ይውሉና ማታ ይመለሳሉ። ዐሊማ እራት ታቀርባለች፤ እነሱ እራቱን ረስተው ያወራሉ። ያ ቃል ቆጣቢ ሰው ጉድ እስኪባል ድረስ ተናጋሪ ሆነ። መጀመሪያ ያዩት የገጠር የእርሻ ባለሙያዎች የሚነዱትን ረጅሙን ነበር። ሀስና አምሮባት ነበር፤ እሳቸው ግን እግርሽ መሬት አልያዘም አሉ፤ ዳገት ላይ ስትቆሚ እግርሽ መሬት ካልያዘ እሱ ነው አንቺን የሚነዳሽ። ቀጥሎ ማርሽ የሌላት ትንሿ መጣች። ቀሚስ ለለበሰች ሴት የምትመች፣ ለኮምቦልቻ ሜዳ የተሠራች የምትመስል ነበረች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀረጎን ስትወርጂ ማርሽ ነው ይዞሽ የሚወርደው፤ ይቺ ሁሉን ነገር ፍሬን ላይ ትጥላለች፣ ፍሬን ደግሞ ይግላል አሉ። በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ ኩርባዎቹን እየሳሉ በየትኛው ማርሽ እንደሚወረድ አስረዷት።

የመጨረሻዋ መካከለኛዋ ነበረች። ዝቅ ያለች፣ ማርሽ ያላት፣ የፊት ፍሬኗ ጠንካራ፣ ቀሚስ እንዳይገባባት ካቴናዋ ዙሪያውን የተሸፈነ፣ ነዳጅ የማትበላ፣ ዕቃዋ ደሴ ውስጥ የሚገኝ። ሀስና ቀይ ፈለገች፤ እሳቸው በጭጋግ የምትታየውን ቢጫዋን አስመረጡ። ሀስና ነጂዎች በሚለማመዱበት ሜዳ ላይ አንድ ዙር ዞራ ስትመለስ ሄልሜቷ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰሟት።

«ይቺ ናት» አሉ ጋሽ በሺር ያን ማታ ለዐሊማ ሲያወሩ፣ ራሳቸውም እየሳቁ። «ብዙ አየን፣ ሁሉንም መዘንን፤ የቆረጠልን ግን ሳቋ ነው። ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት ነገር ደስ ካላለው መንገዱንም ሥራውንም ይጠላል።»

ዐሊማ ሳህኑን አነሳች። ማድቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ውሃው እንዲሁ ሲፈስ ቆማ አየችው። እኔ ስጠይቅ ደስታ የት ነበር ብላ አልጠየቀቻቸውም። የመለሱላትን ደብዳቤ ያስታውሱት እንደሆነም አልጠየቀችም። ሀስና ሥራ መሄድ ከጀመረችባት ወዲህ ግን የዚያች ቢጫ ሞተር ድምፅ ጠዋት ጠዋት ከግቢው ሲወጣ መስኮቱን ትዘጋለች። ሞተሯን አልነበረም የምትጠላው። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ቤት ስትኖር ለእሷ ያልተሰጣት ወሬ፣ ሳቅና እሑድ በሁለት ጎማ ቆሞ በር ላይ የተገተረ መሰላት።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን አቶ ሞላ ከኩታበር መጡ። የጋሽ በሺር የድሮ ረዳት ናቸው፤ ከመኪናው ወርደው ወደ እርሻቸው ከተመለሱ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ወዳጅነቱ አልተቋረጠም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ሲያለቅሱ ቆዩና ልጆቹን ላያቸው ብለው ወደ ቤት ገቡ። ሀስና ከእንግዶች ጋር ውጭ ነበረች፤ ያገኙት ዐሊማን ነው።

እግዜር ያጥናሽ ልጄ አሏት። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ለቀስተኛ ሟችን ለማንሳት እንደሚያደርገው፣ ስለ ጋሽ በሺር ያወሩላት ጀመር። ስለ አሰብ ሙቀት፣ በረሃ ላይ ውሃ ስላካፈሏቸው ሰዎች አወሩ። በመጨረሻ ፈገግ አሉ።

«ያችን ሞተር እኮ ለልጅቷ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ነው ሀረጎን የወረደባት» አሉ። «በሰባ ሁለት ዓመቱ። እኔን ጠርቶ ከኋላ በሚኒባስ ተከተለኝ አለኝ። ሦስት ቀን ተመላለስን። ፍሬኗ ሲግል ምን እንደምትሆን፣ እርጥብ ላይ ምን እንደምትሆን፣ ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣው ሞከረ። በሦስተኛው ቀን ጠጠር አንሸራቶት ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ።»

ዐሊማ ቀና አለች። «ጉልበታቸው?»

«አዎ። መንገድ ዳር ተቀምጦ እየሳቀ ምን አለኝ መሰለሽ? ትልቋ ልጄ ብታየኝ ትገድለኝ ነበር አለ።»

አቶ ሞላ ደስ ያላት መስሏቸው ነው የነገሯት። ዐሊማም ፈገግ አለችላቸው፤ ሻይ ቀዳችላቸው፤ እስከ በር ሸኘቻቸው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

ያን ጉልበት ያጠበችው እሷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መስጊድ ደረጃ ላይ አደናቀፈኝ ብለው ገቡ። ውሃ አሙቃ፣ ተንበርክካ፣ ጠጠሩን በጥጥ ከቁስሉ አወጣች። አሸዋው ለምን በዛ ብላ እንኳን ገርሟት ነበር። እሷ ቁስሉን ስታጥብ እሳቸው ከላይ ሆነው ስለ ሀስና ያወሩ ነበር። የሞተሯ ሊብሬ በእኔ ስም ነው አሉ፤ ሀስና ቋሚው መንጃ ፈቃድ ሲወጣላት ስሙን አዙሬ በድንገት ላስደስታት ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው፣ «ዐሊማ፣ ሰው ነኝና ነገ ብሞት፣ ይቺ ሞተር የሀስና ናት። ሰጥቻታለሁ። አንቺ ዘንድ አማና ነው፣ አደራ» አሏት። እሺ አለች፣ ፋሻውን እየጠመጠመች።

አሁን ጓዳው ውስጥ ሆና ያንን ቁስል እንደገና አየችው። ለሀስና የተላጠ ጉልበት ነበር፤ እሷ እጇን የዘረጋችበት፣ በውሸት የታለፈችበት። ለሞላ የተነገረ፣ ለእሷ ያልተነገረ። ለእኔ ሲሆን ሀረጎ የማይሞከር ነበር፣ ለእሷ ሲሆን ሦስት ቀን ተመላለሱበት፣ ወደቁበትም ብላ አሰበች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ያለቀሰችው ግን በንዴት ነበር፤ ያን ራሷም ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የአባታቸው ታናሽ ወንድም ሐጂ ሀዚም ሦስቱን ልጆች ወደ ኋላው ክፍል ጠሩ። ነገሩን ያነሳው ሀፊዝ ነበር፤ ያነሳውም በጨዋ ደንብ ነው። ነገ ወደሚኖርባት ቢስቲማ እንደሚመለስ፣ ከገበያ ገበያ ለመዞር በየጊዜው የሰው ሞተር እንደሚለምን ተናገረ። ሊብሬው በአባታችን ስም ነው፤ ውርሱ እስኪከፈል እኔ ዘንድ ትቆይ፣ ሀስና እንደሆነ ሚኒባስ አላት አለ። ቁልፉ ከትናንት ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሐጂ ሀዚም ሀስናን አዩዋት። ሀስና መሬት መሬት እያየች፣ ግዙልኝም ስጡኝም ብዬ አላውቅም፤ እርስዎ ያሉት ይሁን አለች።

«ወንድሜ በሕይወቱ ሳለ ለሀስና ሰጥቻታለሁ ብሎ ለአንዳችሁ ተናግሮ እንደሆነ ቃሉን እቀበላለሁ» አሉ ሐጂ ሀዚም። «የሰማ አለ?»

ዐሊማ ምንጣፉን ታይ ነበር። ሀስናን በጭጋግ ውስጥ ሚኒባስ ተራ ቆማ አየቻት፤ እንደ ሰው ሁሉ እጇን በሻሿ ውስጥ ደብቃ፣ ተራ ስትጠብቅ። ያየችው ነገር ደስ አላት። ሌላውም ሰው ሁሉ የሚኖረው እንደዚሁ ነው ብላ አሰበች። አፏን ለመክፈት የምትችልበት ጊዜ እየረዘመ እየረዘመ ሄደ፤ ከዚያ አለፈ።

«እንግዲያው ሀፊዝ ይዟት ይሂድ» አሉ ሐጂ ሀዚም፣ ተነሱም።

ፀሐይ ጦሳ ተራራ ላይ ልትጠልቅ ስትል ዐሊማ ባልዲ ይዛ ወደ ማድቤቱ ስትሄድ ሀስናን ሞተሯ አጠገብ አገኘቻት። የዝናብ ልብሷንና የሥራ ቦታ መታወቂያዋን ከዕቃ መያዣው እያወጣች በፌስታል ትከት ነበር። እያለቀሰች አልነበረም። ዐሊማ ልታልፋት ፈለገች፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቆመች።

አዘንሽ አለቻት፣ ለማለት ያህል።

ሀስና ራሷን ነቀነቀች። ስለ ሞተሯ አይደለም አለች። ከዚያ ፌስታሉን እየቋጠረች፣ ቀና ሳትል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች።

«እታለም፣ እኔ በአንቺ ነው የምቀናው። ስልክ ሲደወልልኝ ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ሀረጎን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ ገንዘዋቸዋል። ሰዎቹ ምን እንዳሉ ጠየቅሁ፤ ዐሊማ፣ ዐሊማ ብለው ሁለት ጊዜ ጠርተው ዝም አሉ አሉኝ። አምስት እሑድ ከእኔ ጋር ሲዞሩ፣ በመጨረሻ ያንቺን ስም ነው የፈለጉት። እኔ ፊታቸውን እንኳን ያየሁት ተሸፍኖ ነው።»

ዐሊማ ባልዲውን አላስቀመጠችም። ያን ቀን ውሃ አምጪልኝ ለማለት ይሆናል የጠሩኝ ልትላት ነበር፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን አላለቻትም። ያ ስም የእሷ ነበር፤ ሊቀንስባት አልፈለገችም። በዚያው ቅጽበት ግን፣ ሀስና ለዚያ ጥሪ ሞተሯን፣ እሑዶቹን፣ ሳቁንም ሁሉ ልትለውጥ እንደምትችል ገባት። እሷ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሃያ አንድ ዓመትም ሙሉ፣ በዚህች ልጅ እጅ ያለውን ስታይ ቆይታ በራሷ እጅ ያለውን አላየችም።

ባልዲውን አስቀመጠች። ሻሿን አስተካክላ ወደ ድንኳኑ ሄደች።

ድንኳኑ የወንዶች ነው። ስትገባ ወሬው ቆመ። ሐጂ ሀዚም በዱዓ ምንጣፉ ራስጌ ተቀምጠዋል፤ ሀፊዝ ከጎናቸው፤ አቶ ሞላ በር ላይ። ዐሊማ እስከ መሐል ደረሰች።

«አጎቴ» አለች። «ቅድም የሰማ አለ ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። እኔ ሰምቻለሁ። አባዬ ሞተሯ የሀስና ናት፣ ሰጥቻታለሁ፣ አንቺ ዘንድ አማና ነው ብለው በአፋቸው ነግረውኛል።»

ሀፊዝ ፊቱ ተለወጠ። «ቅድም የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

የምትለው ብዙ ነበራት። ሐዘን አስረሳኝ ማለት ትችል ነበር፤ ሁሉም ያምኗታል። ወይም ወንድሜን እንዳላስከፋ ብዬ ነው ማለት ትችላለች፤ ያመሰግኗታል። የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ያዩዋታል። ከእነሱ ግማሹ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ናቸው።

«ቀንቼ ነው» አለች።

አቶ ሞላ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ሀዚም አማናውን አድርሰሻል፣ አላህ ይቀበልሽ አሏትና መዳፋቸውን ወደ ሀፊዝ ዘረጉ። ሀፊዝ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠላቸው። በማግስቱ የቢስቲማ ሚኒባስ ሲሳፈር ሀስናን ስሞ ዐሊማን በሩቁ ተሰናበታት፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ወራት ስትደውልለት አያነሳላትም ነበር።

ዐሊማ ወደ ሴቶቹ ክፍል ስትመለስ ሁሉም ሰምተዋል። ስለ አባቷ ልብ ያወራችው ሴትዮ ዓይኗን መለሰች። ሀስና ከፍራሹ ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ትንሽ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችላት፤ ዐሊማም ከጎኗ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካክቶ፣ ሳይተያዩ፣ መግሪብ እስኪሰገድ ቆዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ሀስና የተፈቀደላት ሦስት ቀን አልቋል፤ ወደ ሥራ መመለሷ ነው። ሞተሯን እስከ በሩ ገፍታ አቆመቻትና ጓንቷን ረስታ ወደ ቤት ገባች። ዐሊማ በሩን ልትከፍት ወጥታ ሞተሯ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። ቅናቱ አለ፤ ከሌሊቱ ጋር አልሄደም። ኩርባዎቹን ሁሉ እህቷ ታውቃቸዋለች፣ እሷ አታውቃቸውም። አባቷ ደግሞ ዳግመኛ የትኛዋንም አያስተምሩም።

መቀመጫው ላይ ጤዛ ተኝቶበታል። ዐሊማ የሻሿን ጫፍ በመዳፏ ጠቅልላ ሀስና የምትቀመጥበትን ጠረገች። ጨርቁ ራሰ። ልትሄድ ዞር ብላ ነበር። ከዚያ ተመለሰችና የሻሿን ደረቅ ጎን ፈልጋ፣ ማንም ከሀስና ጋር ተፈናጥጦበት የማያውቀውን የኋላውንም ግማሽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላ አደረቀችው።